ካብ ላይ የቀረ ስንቅ

ቅቤ የጠጣ የወይራ በትር የራሱ ሽታ አለው። ከወጥ ቤቱ ቅቤ ይለያል፤ የከረመ፣ ጭስ የነካው፣ የመዳፍ ወዝ የገባበት ነው። ባለፈው ጥቅምት ንፋስ መውጫ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ይህ ሽታ ሲደርሰኝ ብርጭቆዬን መልሼ አስቀመጥሁ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ እላለሁ እንጂ ዕድሜያችን አንድ ሳይሆን አይቀርም፤ የራሴን መርሳት ስለምወድ ነው።

ያን ቀን ጠዋት በከተማው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልጆች ጠርተውኝ ንግግር አድርጌ ነበር። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሁለት መጽሐፍ ካሳተመ ደራሲ ተብሎ ይጋበዛል። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ከዕለት ኑሯችሁ ጻፉ፤ ድርሰት ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ከደጃችሁ አለላችሁ» ብዬ መከርኋቸው። ጭብጨባው እንዳበቃ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሣችና፣ «ኑሮው የሌላ ሰው ቢሆንስ? እርስዎ ሲጽፉ አስፈቅደው ነበር?» አለችኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልሁ። መልስ የሌለው ሰው የሚለው ይኸንኑ ነው። ግራ ገብቶኝ ወጣሁ፣ ግራ እንደገባኝ ሻይ አዘዝሁ፤ በዚያ ላይ ይህ የቅቤ ሽታ መጣና ጭራሽ ያለሁበትን ዘመን አጠፋብኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ስቆጥረው አንዴ ይበዛብኛል፣ አንዴ ያንስብኛል። ዶሮ በሽልንግ እንደነበረ ግን አልረሳም፤ በስሙኒ የገዛሁትን ዕንቁላል ኪሴ አልችል ብሎ በባርኔጣዬ ይዤ እገባ ነበር። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፣ የመካነ ኢየሱስ። ታች ጋይንት አርብ ገበያ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የነበረኝ ሱሪ አንድ የካኪ ሱሪ ነው። ማታ ውኃ ረጨት አድርጌ ከፍራሼ ሥር አስተኛዋለሁ፤ ጠዋት መስመሩን ጠብቆ ይነሣል። ድንጋይ ላይ ስቀመጥ መሐረብ አነጥፍ ነበር። ገበሬው ቆሞ ያየኝና፣ «አስተማሪው ለቂጡም ዳንቴል አለው» ይላል። ገበያው ያው አርብ አርብ ነው፤ ከጨው ተራ አለፍ ሲሉ ዋርካው ሥር ባለ መኪናው ልብስ ሰፊ አለ፤ ለባላባቶቹ ተፈሪ ሱሪ ይሰፋል፣ ለኛ የተቀደደውን ይጥፍልናል። ከሱ ኋላ ጠጅ ቤቱ ነው። ጠጅ ቤቱ ሬዲዮ ነበረው፤ ባትሪው ሲደክም ባለቤቲቱ አውጥታ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እንደምንም ነፍስ ይዘራና አንድ ዘፈን ጀምሮልን መሀሉ ላይ ድርግም ይላል። የዚያን ዘመን ዘፈኖች ግማሽ ግማሻቸውን ብቻ የማውቀው ለዚህ ነው። አሁን የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ሙሉውን ያሰሙኛል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን የኔ አይመስለኝም።

የተከራየሁት ከእትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ግጥሙን እያወጡ የሚያስለቅሱ ማለቴ ነው። ከስማዳ ድረስ በቅሎ ተጭና ትላክላቸው ነበር። እሳቸው ያልተገኙበት ልቅሶ፣ ይላሉ የአርብ ገበያ ሰዎች፣ ጨው የሌለው ወጥ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ገጣሚ ነኝ ባይ ነበርሁ። ደብተሬ ከዳር እስከ ዳር ባሕር፣ ማዕበልና መርከብ ነው። ባሕር ይቅርና ጣናን አላየሁም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከጣሪያው ጥላ ሥር ተቀምጬ ግጥሜን ጮክ ብዬ ሳነብ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ምስር እየለቀሙ ይሰሙኝ ኖሯል።

«አስተማሪው፣ መርከብ የምትለው ነገር ምን ያህላል?»

«ትልቅ ነው፣ እትዬ። ቤት ያህላል።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። አንብቤ ነው።»

«ታዲያ ያላየኸው ነገር ሰጠመ ብለህ ምን ያንሰቀስቅሃል? እኔ ያላየሁትን አላለቅስም» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ተናደድሁ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንዴት ትተቸኛለች ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍሁ። ኩርፊያዬን ያየልኝ ሰው ስላልነበረ ተውሁት። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ገበሬ ሞተና እትዬ ሊሄዱ ሲነሡ ተከተልኋቸው። ልቅሶው ሜዳ ላይ ተጀምሯል፤ እሳቸው ግን ቀጥታ ወደ ሟቹ ጓዳ ገቡ። ሚስቲቱን፣ «ከገበያ ሲመጣ ደጅ ላይ ምን ይል ነበር?» አሏት። «ምንም አይል፤ ያስላል እንጂ። በሳሉ ነው የምናውቀው» አለች። «ማን ይቀበለዋል?» «ውሻው» አለች። የእርሻ ጓደኛውን ደግሞ በሬዎቹን ምን እያለ እንደሚጠራቸው ጠየቁት። ከዚያ ወጥተው መሀል ሜዳ ቆሙና ነጠላቸውን አሸርጠው እንዲህ አሉ፦

ሳል በሰማ ቁጥር ይነሣል ከደጁ፣
ውሻው መች ነገሩት መሞቱን ወዳጁ።

ሟቹን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ግን እንደ ወንድሜ አለቀስሁ፤ የካኪ ሱሪዬንም ረስቼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መርከቦቼን በሙሉ ቀዳድጄ ጣልኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየውን ሁሉ እጽፍ ጀመር፤ ልብስ ሰፊው መርፌውን ከንፈሩ ላይ ይዞ እንዴት እንደሚሳደብ፣ ፀሐይ የተሰጣውን ባትሪ፣ ጠላ የጎደለባት ሴት አተላውን እንዴት እንደምትሸፋፍን። ሰው ሲያወራኝ ፊቱን ትቼ እጁን አያለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

የእትዬ ማንጠግቦሽንም ቤት አይ ነበር። ከበራቸው ኋላ አንድ የወይራ በትር ቆሟል። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ አውጥተው ቅቤ ይቀቡታል፤ እንዳይሰነጠቅ ነው። ጎረቤቶቻቸው እንደነገሩኝ የልጃቸው የደምለው በትር ነው። ደምለው ለሰሊጥ አጨዳ ሰቲት ሁመራ እወርዳለሁ ብሎ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ምርቃታቸውን ሳይቀበል ሄደ፤ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወባ ገደለው የሚል አለ፣ ሱዳን ተሻገረ የሚልም አለ። ለአገሩ ሁሉ ያለቀሱት ሴት ለልጃቸው አላለቀሱም፤ መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ሟርት ነዋ። ስለ እሱ አንድም ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም። በትሩን ሲቀቡ ግን አይቻለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያሹ ነበር የሚቀቡት።

የዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ሲደርስ ዲሬክተሩ ጠርቶ ትያትር ጻፍ አለኝ። ጻፍሁ። ልጇ የጠፋባት፣ በትሩን በየዓመቱ ቅቤ የምትቀባ እናት ጻፍሁ። ስም አልጠራሁም፤ ይህን እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር። መጨረሻው ግን አልመጣልኝ አለ። ልጁ ይመለስ ብል የተረት ሆነብኝ፤ ሳይመለስ ይቅር ብል መጋረጃውን በምን ልዝጋ? ትያትር ያለ ሞት ያልቃል ብዬ አላምንም ነበርና ገደልሁት። ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው ሲመጡ ያልቃል። እትዬ ማንጠግቦሽ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ከፊት ወንበር አስቀመጥኋቸው። እንዲያውም ኮርቼ ነበር፤ ተማሪዎ ያስተማሩትን ይመልከቱ የማለት ያህል።

በኛ አገር መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ዘመድ አዝማድ በሰበብ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ከጎን ይቀመጣል፣ ወሬው ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እኮ። በዚያ ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የአርብ ገበያ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። እትዬን ከፊት ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። ከቀኛቸው የነፍስ አባታቸው፣ ከግራቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ትያትር የሚባል ነገር አንዳቸውም አይተው አያውቁም። ከአንሶላው መጋረጃ ፊት ሴት የሆነው ተማሪ በትሩን ቅቤ ቀባ። ሽማግሌ የሆኑት ተማሪዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲገቡ እትዬ ማንጠግቦሽ ዞር ብለው የነፍስ አባታቸውን አዩ። ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን አዩ። ከዚያ ሕዝቡን። ተነሡ።

«አወቅሁ። በቃ፣ አታድክሙኝ» አሉ።

ነጠላቸውን ጣሉና ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፣ ወንዶቹም ተነሡ። ስድስት ዓመት የተቀመጠ ልቅሶ ነው። እኔ ከአንሶላው ኋላ የትያትሩን ደብተር ይዤ ቆሜያለሁ። ወጥቼ «ውሸት ነው፣ እኔ የጻፍሁት ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ምን እንዳደረግሁ ልናገረው፤ እስክርብቶዬን አውጥቼ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሉትን እጽፍ ነበር። እያለቀስሁ እጽፋለሁ፣ እጄ አይቆምም።

እንዳይሰነጠቅ ስል በትሩን ቅቤ ቀብቼ፣
ገላህን ለአፈር ለሰው አገር ሰጥቼ።

በሦስተኛው ቀን የለቀስተኛው እግር ቀነስ ሲል ገብቼ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።

«እትዬ፣ ስለ ደምለው የሰማሁት ነገር የለም። ከራሴ የፈጠርሁት ነው።»

«በትሩንም ከራስህ ፈጠርኸው?»

«እሱንስ አይቼ ነው።»

«በትሩን አይተህ ጻፍህ። ሞቱን ሳታይ ጻፍህ?»

«አዎ።»

«እኔ እንዲህ አላስተማርሁህም» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ይህችን ቃል ስንት ዓመት እንዳላመጥኋት እኔ ነኝ የማውቀው። አላመኑኝም ይሆን? ያውቃል፣ አዝኖልኝ ነው የሚደብቀኝ ብለው ይሆን? ወይስ አምነውኝ፣ ያላየኸውን ለምን ጻፍህ ብለው መውቀሳቸው ነው? አንዱን ይዤ ሳድር ሌላው ትክክል ይመስለኛል። የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄጄ እንዲያስረዱልኝ ብለምናቸው፣ «አንተ ልጅ፣ በትሩን ባትጨምርበት ኖሮ ማን ያምንህ ነበር?» ብለው አሰናበቱኝ። ሬሳውን ያላዩት እትዬ አርባውን አወጡ፣ ተዝካር ደገሱ። ጠላውን ጠጣሁ። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ወደ ደብረ ታቦር ሄድሁ፤ መሄዴንም ሽሽት አላልሁትም፣ እድገት አልሁት።

ኋላ መጽሐፍ ሳሳትም ያ ልቅሶ ገባበት። ደብተሩን ቤት ስቀይር አይጥ በልቶት አገኘሁት፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ በፊት ታትሞ ነበር። ስገለብጠው አንዳንዱን ስንኝ አቃናሁ፣ ጥቂት ከራሴም ጨመርሁ፤ ደራሲ ነኛ። ከስንኞቹ መሀል አንዲቱን ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱልኛል። እኔም የራሴ ፈጠራ መሆኗን እየነገርሁ እኮራባታለሁ። ሙሾው ከማን እንደመጣ በመቅድሙ ላይ አልጻፍሁም።

እንግዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአርብ ገበያው አስተማሪ እርስዎ ነዎት? ዛሬ በትምህርት ቤት የጠየቀችዎ የልጄ ልጅ ናት። እዚህ እንዳሉ እሷ ነች የነገረችኝ። ደምለው እባላለሁ፣ የማንጠግቦሽ ልጅ።»

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። አንድ ነገር መናገሬን የማውቀው አያ ደምለው ስለሳቁ ነው።

«አይደንግጡ፣ አልሞትሁም። ተዝካሬ ከተበላ በሁለተኛው ዓመት መጣሁ። የጠጡት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አማተቡ።»

«እናትዎስ?» አልሁ። «እናትዎ ሲያዩዎት ምን አሉ?»

«እናቴማ አልደነገጠችም። በር ላይ ቆማ አየችኝና፣ ‹ቆየህ። ግባ፣ ቆሎ አለ› አለችኝ። በትሬ ከበሩ ኋላ እንደ ቆመ ነው። ቅቤው ገና አልደረቀም። ይኸው፣ ይኸ ነው።»

በትሩን አየሁት። ተዝካር አውጥተው ቅቤውን አልተዉም ማለት ነው። ታዲያ አምነው ነበር ወይስ አላመኑም? ይህን ብጠይቃቸው አያ ደምለው ትከሻቸውን ሰበቁ። «እንጃ። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ነገር ግን ለምኛት ነበር፤ ያለቀሽልኝን ልስማው ብላት፣ በቁም ላለ ሰው ሙሾ አይደገምም፣ ሟርት ነው ብላ እንቢ አለች። እንዳልሰማሁት ሞተች። እርስዎ ጽፈውታል አሉ። የልጅ ልጄ መጽሐፉን ፈልጋ አጣችው። ያንብቡልኝ ብዬ ነው የመጣሁ። የእሷን ቃል ብቻ።»

የእሷን ቃል ብቻ። ቦርሳዬ ውስጥ ለልጆቹ ላሳይ የያዝኋት አንዲት ቅጂ አለች። ገጹን ገለጥሁ። ከዚህ ሁሉ ስንኝ የትኛው የእሳቸው ነው፣ የትኛው የኔ? ስንት ዓመት እየደጋገምሁ አንብቤው ሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገረኛል። የበትሩን ስንኝ አነበብሁ፤ አያ ደምለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥዬ በእርግጠኝነት የእትዬ ናት የምላትን ያዝሁ፦

ጀግናው እንደ አንበሳ ሲያገሳ የኖረ፣
በሰው አገር ሜዳ ተዘርግቶ ቀረ።

«ይህቺ የእናቴ አይደለችም» አሉ። «እኔ አንበሳ? ጅብ ሲጮህ ቀሚሷ ሥር የምገባ ሰው ነበርሁ እኮ። እሷ ያላየችውን አትልም።»

አፈርሁ። እውነትም አንበሳው ከመርከቦቼ የተረፈ የኔ ዕቃ ኖሯል። ቀጣይዋን ልዘላት ፈለግሁ፤ እሷ ያቺ የምኮራባት የራሴ ፈጠራ ናትና። ነገር ግን ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ነው፤ የዘለልሁ እንዳይመስላቸው አነበብኋት፦

የቆላሁልህን ካቡ ላይ ትተኸው፣
ወፍ ለቀመው ስንቁን አንተ መች በላኸው።

አያ ደምለው በትራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ባጃጆቹ ደጅ ላይ ይጯጯሃሉ።

«ይህቺን ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ይህቺ የኔ ናት፣ እኔ ነኝ የፈጠርኋት።»

«አይደለም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ያን ጠዋት ስንጣላ ገብስ ቆልታ በስልቻ ሰጠችኝ፤ እየተቆጣችም ሰጠችኝ። በንዴት ተቀበልኋትና ከአጥሩ ስወጣ የድንጋይ ካቡ ላይ ገልብጬው ሄድሁ። የሰው ዓይን አላየኝም። ለሚስቴ እንኳ አልተናገርሁም። ስመለስ አላነሣችብኝም፣ እስክትሞትም አላነሣችብኝ። አላየችውም፣ ከሰውም ከእሷም ተሰወረልኝ እያልሁ ነው የኖርሁ።»

መጽሐፉን ተመለከትሁት። ስሜ ከላዩ ላይ ተጽፏል። ያን ቀን ከአንሶላው ኋላ እጄ ሲጽፍ ጆሮዬ ያልያዘውን ጽፎ ኖሯል፤ እኔም ስንት ዘመን የኔ ናት እያልሁ ጭብጨባ ተቀብዬባታለሁ። ለልጅቷ ጥያቄ መልሱ ይህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለአያ ደምለው ግን የምመልሰው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ከእናታቸው የተማርሁት ነው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ ያላዩትን አያለቅሱም ነበር» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። «እንግዲያ አይታዋለች» አሉ። «እስቲ እንደገና ይበሉልኝ።»

አነበብሁላቸው።